አሥራ አንድ ሚሊ

ታላቅ ወንድሜን ሰው ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚለው። እናታችን ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና እኔ ብቻ ነን። እኔም ብሆን በዋናው ስሙ የምጠራው ሲያናድደኝ ነው፤ በደህናው ቀን «ወንድምጋሼ» እለዋለሁ። ሥራው የተጋጨ መኪና ማቃናት ነው። የተጨማደደ ላሜራ ይቀጠቅጣል፣ የተጣመመ ቋሚ ይስባል፣ የተቀደደውን ይበይዳል። እሱ ሲጨርስ እኔ እህቱ እቀባለሁ። እሱ ከላስቲክ መጋረጃው ወዲህ በእሳትና በጩኸት፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ በቀለም ሽታ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ስንነታረክ ኖረናል።

ሜትር ከኪሱ አይጠፋም። መኪና ብቻ ቢለካ ማን ይጠላ ነበር፤ ችግሩ ቤቱም ሲገባ ያው ነው። ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ለመስቀል ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ዳቦ ሲቆርስ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል። ልጁ የተወለደች ቀን አዋላጇ «ሃምሳ ሴንቲ ናት» ቢሉት «ይቅርታ፣ አንዴ እኔ ልያት» ብሎ ሜትሩን መዘዘ። ሚስቱ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። አዋላጇም አልረሱትም፤ እሳቸው ግን የሚያነሡት ለመሳቅ ነው።

እኚህ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው አዋላጅ ቁመታቸው ከመኪናቸው መሪ ብዙም አይበልጥም። የሰፈራችንን ግማሽ ሰው በገዛ እጃቸው ተቀብለውታል፤ ከከተማ ወጣ ብለው ያሉትን መንደሮች ደግሞ በዚያ ባረጀ ፎር ባይ ፎራቸው ሲያዳርሱ ኖረዋል። መንገዱ ድንጋይ ብቻ ሲሆን እሳቸው ይነዳሉ፤ አናጢ የነበሩት ባላቸው ወርደው ከፊት ከፊት እየሄዱ በመዳፋቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ እያሉ ይመሯቸዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ኮረብታው ሥር ወዳስቀመጧቸው የንብ ቀፎዎች የሚወጡት በዚሁ ዓይነት ነበር። አናጢው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። መኪናውም ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበያ አልፎ አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ መኪናቸውን ግቢያችን ውስጥ አቆሙና ከኋላ አንድ ረጅም ካርቶን አስወረዱን። ስንከፍተው ሁለት በሮች ናቸው፤ በር ከተባሉ። ጥቁር ቱቦ በበር ቅርጽ ተጠማዞ፣ መሐሉን ሌላ ቱቦ ሰያፍ አቋርጦት፣ ከኋላው ቁልፍ ተበይዶለታል። መስታወት የለው፣ ላሜራ የለው፤ የቀረው ሁሉ አየር ነው።

ፊት ለፊታችን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ መዶሻውን እንደያዘ መጣ። «እትዬ፣ ይሄ በር ነው የአልጋ ራስጌ?» አለ።

«አንተን ያዋለድኩህ እኔ ነኝ» አሉት። «ያን ዕለትም ከሁሉ ቀድሞ የወጣው አፍህ ነው።»

ጎሚስታው ወደ ጎማው ተመለሰ።

ወንድሜ አንዱን በር አንሥቶ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው። «ዝናብ ቢመጣስ እትዬ?»

«ከመጣ እረጥባለሁ፤ ጨው አይደለሁ።» መኪናው ላይ ደገፍ አሉ። «ጋሼህ ከፊት ሆኖ ይመራኝ ነበር። አሁን ማን ይምራኝ? ግንብ ከመሰለ በር ጀርባ ተቀምጬ ጎማዬ የት እንደሚያርፍ አይታየኝም። አንገቴን በመስኮት ባወጣ ደግሞ መሪው ያመልጠኛል። የእህቴ ልጅ ይህንን አይቶ ከውጭ አገር አዘዘልኝ፤ ቁልቁል ያሳይሻል አለኝ። ቅዳሜ ወደ ንቦቼ መውጣት እፈልጋለሁ።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልተቀየረም፤ እኔን ግን አንጀቴን በሉት። ወንድሜ «ነገ ይደርስልዎታል» አላቸው፣ በሙሉ አፉ።

የግራው በር እንደ ጨዋታ ገባ። አሮጌው ሁለታችንን ያጎበጠ ክብደት ነበረው፤ አዲሱን ግን ወንድሜ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አምጥቶ በነበሩት ማጠፊያዎች ላይ ሰቀለውና ለቀቀው። በራሱ ክብደት ሄዶ ቀጭ አለ። ከፈተው፣ ለቀቀው፣ ቀጭ። ሦስተኛውን ለደስታው ሲል ነው የከፈተው።

ትንንሽ ጣጣ ግን አልጠፋም። ስፖኪዮው ከአሮጌው በር ጋር አብሮ ስለሄደ ከማጠፊያው ጋር የሚታሰር ክንድ ከቁርጥራጭ ብረት ሠራለት። ደግሞ ውስጥ ያለችው መብራት አልጠፋም አለች። በሩ ሲዘጋ የሚጫናት ጉጥ ቋሚው ላይ አለች፤ ቀጭኑ ቱቦ አይደርስባትም። እንዲሁ ብትተው ባትሪው ጠዋት ሬሳ ነው። ቱቦው ላይ ጥፍር የምታህል ብረት በየደና መብራቷ ጠፋች። እንዲህ ያለ ነገር ሲሳካለት ወንድሜ ያፏጫል። ዜማው አንድ ነው፣ እሱም ከዜማ ከተቆጠረ።

የቀኙ በር ላይ ሲደርስ ማፏጨቱ ቆመ።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። በሩን ሰቅሎታል፣ ማጠፊያዎቹም በደንብ ይዘውታል። ሲለቀው ግን ይሄድና ጓ ብሎ ይመለሳል። የበሩ ቁልፍ ቋሚው ላይ ካለው መንጠቆ ዝቅ ብሎ ነው የሚያርፈው። ወንድሜ ሜትሩን አወጣ፣ ለካ፣ ወደ ኪሱ መለሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ሲተው ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ስንት ነው?» አልኩት።

መመለስ አያስፈልገውም ነበር፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። አሥራ አንድ ሚሊ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ይኸው መኪና አንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ። እትዬንና ባላቸውን ከአቧራ በቀር ምንም አልነካቸውም፤ የቀኙ በር ቋሚ ግን ወደ ላይ ተገፋ። ወንድሜ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበር። አለቃው ታሞ ስለተኛ የመጀመሪያውን ከባድ ሥራ ብቻውን ያዘ። ቋሚውን በሰንሰለትና በክሪክ ስቦ ልኩ ላይ አመጣው፣ በየደው፣ እንደታሰረ አሳደረው። ብረት ግን ያስቀየሙትን አይረሳም፤ ጠዋት ሰንሰለቱን ሲፈታው አሥራ አንድ ሚሊ ወደ ላይ ተመለሰበት።

ቆርጦ እንደገና መሳብ ነበረበት። ሁለት መንደር ላይ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች ስላሉ ደግሞ መኪናው በዚያው ቀን ይፈለጋል። ስለዚህ ማጠፊያው ውስጥ ሮንዴላ የሚሉትን የብረት ቀለበት ደራረበ፣ የበሩን ላስቲክ ለወጠ፣ በሩንም ከፍ ሲያደርጉት የሚዘጋ አደረገው። ባልና ሚስቱ ሊወስዱት ሲመጡ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አንድ ሚሊ አልሳተም፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» አላቸው። «ሲዘጉት ለጊዜው ከፍ ያድርጉት። ላስቲኩ አዲስ ስለሆነ ነው፤ እያደር ይለምዳል።» አናጢው በሩን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ። ከዚያ ወንድሜን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «ሚሊ» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ ስምህ ይኸው ነው።» ስሙ እንደተለጠፈበት ቀረ። በዚያ ስም ሰው አወቀው፣ በዚያ ስም ሥራ ጎረፈለት።

እውነቱን የነገረኝ በሳምንቱ ነው፤ ሲነግረኝም አለቀሰ። ሜትር ከኪሱ የማይጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ከግቢያችን የወጣ ሌላ ጠማማ መኪና የለም። ይህን የምመሰክረው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ቀቢ ነኝ፣ ቀለም ደግሞ ጠማማን ያሳብቃል። ለአናጢው «ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ» ሲል እሳቸው አረፉ።

አሮጌው በር ማጠፊያው ላልቶ ስለነበር ከፍ ሲያደርጉት ይታዘዛል። አዲሱ ግን ወይ ፍንክች። የተሠራው መኪናው መሆን በነበረበት ልክ ነው። መንጠቆውን ዝቅ ማድረግም አይቻልም፤ ቦታውን የያዘው የራሱ የወንድሜ አሮጌ ብየዳ ነው። የቀረው የበሩን ቁልፍ ቆርጦ ከፍ አድርጎ መበየድ ብቻ ነው። የሰው አዲስ በር ደግሞ ለምን እንደሆነ ሳይናገሩ አይቆረጥም።

ወንድሜ ስልኩን አንሥቶ ለእትዬ ደወለ። እውነቱን ሊናገር መስሎኝ ደስ አለኝ።

«እትዬ፣ የቀኙ በር አልገጠመም» አለ። «ፋብሪካው ሳይስት አልቀረም።»

የስልኩ ድምፅ ለጎረቤት የሚተርፍ ስለሆነ የእትዬን መልስ እኔም እሰማለሁ።

«ፋብሪካው?» አሉ።

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ይመለሳል፤ ቅዳሜም ይቀራላ። ለማንኛውም አንዴ ደግመህ ለካውና ንገረኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን እንደዘጋ በዋናው ስሙ ጠራሁት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አልኩት። «ይሄ በር ምን አደረገህ? ባሕር አቋርጦ የመጣ ምስኪን በር።»

«ምን ልበላቸው ታዲያ? ጋሼ እንኳ በሕይወት የሉም። ሚስታቸው ፊት ቆሜ፣ ስም ያወጡልኝን ሰው ዋሽቻቸው ነበር ልበል?»

«አዎ፣ ልክ እንደሱ በል።»

«ስሜ እኮ ነው» አለ። «ሌላ ምን አለኝ?»

እዚህ ላይ ልራራለት ይገባኝ ነበር፤ አልራራሁም። ንቦቻቸውን ሁለት ዓመት ያላዩ ሴትዮ በሱ ኩራት ምክንያት ቅዳሜን ቤታቸው ሊውሉ ነው። ምሳችንን ጀርባ ተሰጣጥተን በላን። ዞር ብዬ ሳየው ዳቦውን ሳያነጣጥር ቆረሰው። ያን ጊዜ ነው የራራሁለት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አድሮ ሐሙስ ጠዋት ጠራ። ጋራዡን ሳይከፍት ቤቴ መጣና «እትዬ ቤት ልሄድ ነው፤ ተነሺ» አለኝ።

«እኔ ምን ልሠራ?»

«መንገድ ላይ እንዳልመለስ።»

እትዬን በረንዳቸው ላይ የንብ መከላከያ ኮፍያቸውን መረብ ሲሰፉ አገኘናቸው። በሩ ይመለሳል ተብሎም ኮፍያውን እየሰፉ ነው፤ ይህ ከወቀሳ ይብሳል። ወንበር ሰጡን። እኔ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቆመ።

«ደግሜ ለካሁት» አለ።

«እሺ።»

«ፋብሪካው አልሳተም። የሳትኩት ያኔ እኔ ነኝ። ቋሚው አሥራ አንድ ሚሊ ከፍ ብሎ ነው የቀረው፤ እያወቅኩ ነው ያስረከብኳችሁ። ላስቲኩ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። ጋሼም ‹ሚሊ› ያሉኝ ውሸቴን አምነው ነው።» ይህን ሁሉ የተናገረው ለጫማው አፍንጫ ነበር።

እትዬ መርፌያቸውን መረቡ ላይ ሰክተው ተነሡና ወደ ውስጥ ገቡ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ሲመለሱ ክንድ ተኩል የምትሆን ስስ እንጨት ይዘው ነበር፤ አናጢዎች ሜትር ከማውጣት ይልቅ ልክ የሚይዙባት ዓይነት። አቧራዋን በቀሚሳቸው ጠረጉና ሰጡት። እንጨቷ ላይ በእርሳስ የተሰመሩ ሁለት መስመሮች አሉ። ከታችኛው አጠገብ «ግራ»፣ ከላይኛው አጠገብ «ቀኝ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ቀን አለበት፤ መኪናው ከጋራዥ የወጣበት ማግስት ነው።

የወንድሜ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ልማድ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ለካ።

«ስንት ነው?» አሉት።

«አሥራ አንድ» አለ፣ ክው ብሎ።

«ጋሼህ ከመርገጫው እስከ መንጠቆው የሁለቱን በሮች ከፍታ ለክቶ ነው። አናጢ እኮ ነው፤ የበር ነገር ሊደበቀው ነው እንዴ? ገና ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍቶ ሲዘጋው አውቆታል። መንገድ ላይ እየሳቀ፣ ‹ይሄ ልጅ አንድ ሚሊ አልሳትኩም አለኝ፤ እስኪታረም ድረስ ሚሊ እያልኩ ነው የምጠራው› አለኝ።»

ወንድሜ ማንም ሳይለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔማ ንገረው ብየው ነበር። ‹ተቆጥቼ ከማሳፍረው ስሙ ይሥራበት› አለ። በዓመቱ የዚህን ቤት የብረት በር ስትገጥምልን ትዝ ይልሃል? ቀኑን ሙሉ ስትለካ፣ ስትለካ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጦ አየህ። ከሄድክ በኋላ ‹ታርሟል› አለኝ። ‹እንግዲያው ስሙን አንሣለታ› ስለው፣ ‹አይ፣ አሁንማ የራሱ ሆነ› አለ።» እትዬ መርፌያቸውን መልሰው ያዙ። «ትናንት ስትደውልልኝ ገብቶኛል። ግን እሱ እስኪሞት የያዘልህን እኔ በስልክ ላውጣው? ደግመህ ለካ ያልኩህ ለዚህ ነው።»

ወንድሜ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሄደና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ብቻውን የተሸከመው መስሎት የኖረውን ሸክም አንድ ሰው ከዳር ሆኖ አብሮት ይዞለት ኖሯል። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ግን ቀለም ሲያልቅብኝም አለቅሳለሁ።

ፊቱን ከጠረገ በኋላ «ቋሚውን ቆርጬ እንደገና እስበዋለሁ» አላቸው። «ሳምንት ይስጡኝ።»

«መኪናዬን አትንካ። በሩን ቁረጠው።»

«ልክ የሆነውን በር ላጣምመው?»

«ልጅህን እኔ ሃምሳ ሴንቲ ናት አልኩህ። አንተ ስንት አገኘሃት?»

«አርባ ዘጠኝ ተኩል።»

«ታዲያ መለስካት?»

ከሰዓት በኋላ ቱቦውን ቆርጦ ቁልፉን አሥራ አንድ ሚሊ ከፍ አድርጎ በየደው። ይህን ሁሉ ዘመን ጠማማ ሲያቃና የኖረ ሰው ቀጥ ያለ በር በገዛ እጁ ሲያጣምም ማየት ደስ ይል ነበር፤ እያፏጨ ነው የሠራው። ዓርብ እኔ ቀባሁት። ሁለቱን በሮች ጎን ለጎን አቁሞ ላየ የቀኙ አንድ ትከሻው ከፍ ያለ ሰው ይመስላል። መኪናው ላይ ሲሰቀል ግን አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ኮፍያቸውን ይዘው መጡና «ቀፎ ሁለት ሰው ይፈልጋል» ብለው ወንድሜን ጎተቱት። በቀኝ በኩል፣ አናጢው ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ወጣ። እትዬ መሪያቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው ፊት ለፊት እንዳለ፣ «ከፍ አድርገህ ዝጋው» አሉ።

ወንድሜ በሩን በአንድ ጣት ገፋው። ቀጭ አለ።

እትዬ ሞተሩን አላስነሡም። ያቺን ቃል በየጉዞው ሲሏት የኖሩት ለአንድ ሰው ነው፤ አሁን የምትባልበት በር የለም። እኔ ከውጭ ቆሜ፣ ወንድሜ ከውስጥ ተቀምጦ፣ የምንገባበት ጠፋን።

«ተዘግቷል?» አሉ በመጨረሻ።

«ተዘግቷል እትዬ።»

«እንግዲያው ደህና።» በቱቦዎቹ መሐል ጎንበስ ብለው የፊት ጎማቸውን አዩት። «ወይ ጉድ፣ እዚህ ነበርክ?» አሉት ጎማውን፣ ሞተሩንም አስነሡ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አቧራ ለብሰው ተመለሱ። እትዬ ማንም ሳይመራቸው ወጥተው ወርደዋል፤ አንድ ድንጋይ ብቻ ነክተዋል፣ እሱንም ድንጋዩ ነው የመጣብኝ ይላሉ። ለእኔ አንድ ማሰሮ ማር አመጡልኝ። ወንድሜ ግንባሩን በንብ ተነድፎ አብጧል። ጎሚስታው ከማዶ ሆኖ «ስንት ሚሊ አበጠ?» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ሜትሩን አውጥቶ ወረወረለት።

ያቺን እንጨት እትዬ ሰጡት፤ አሁን ጋራዡ ውስጥ ከመዶሻዎቹ በላይ ተሰቅላለች። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ «ለምንድን ነው ሚሊ የሚሉህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወንድሜ በፊት ይህን ሲጠየቅ ዝም ብሎ ፈገግ ይል ነበር። አሁን እንጨቷን አውርዶ፣ መስመሮቹን እያሳየ፣ ከነውሸቱ ይተርከዋል። አተራረኩ ደግ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያው፣ አሥር ሚሊ ገደማ ነች» ሊል ይሞክራል።

እኔም ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ «አሥራ አንድ» እላለሁ።